ምድር፣ ባሕር፣ ሰማይ

በ1991 ዓ.ም. የሰኔ ሚካኤል ማግስት ነበር። ከደብረ ወርቅ ማርያም ቁልቁል ወደ ገበያው ስወርድ በወረዳው አስተዳደር ግቢ አጥር ላይ ወረቀት ተለጥፎ ሰው ከብቦት አገኘሁ። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ባድመ ላይ የተለኮሰው ጦርነት ከተጀመረ ዓመት አልፎታል። ወረቀቱ የመከላከያ ሠራዊትን በፈቃዳቸው የሚቀላቀሉ ወጣቶችን ይጠራል። ከግርጌው ደግሞ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ለጨረሱ ብቻ የተለየ መሥመር ነበረው፤ በአየር ኃይል የቴክኒክ ሙያ ለመሠልጠን የሚሹ ይመዝገቡ የሚል። እኔ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ነበርሁ፤ የማትሪክ ፈተና ተፈትኜ ውጤት እጠባበቃለሁ። አጠገቤ የቆመው አብሮ አደጌ ከሰባተኛ ክፍል አቋርጦ የአባቱን ሞፈር የጨበጠ ነበር። ወረቀቱን ያነበብሁለት እኔ ነኝ። አንብቤ ስጨርስ «አንተ የትኛውን ትመርጣለህ?» አለኝ። እኔ የእርሱን ምርጫ አልጠየቅሁትም። ይህን ጽሑፍ የሚያስጽፈኝም ያ ያልጠየቅሁት ጥያቄ ነው።

ወጣት ስለ ጦር ክፍል ሲያስብ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ልብሱ ነው። እኔም ከዚህ ደካማነት ነፃ አልነበርሁም። በዚያው ዓመት አየር ኃይላችን ሱኮይ 27 የተባሉትን የሩሲያ ተዋጊ አውሮፕላኖች ታጥቆ፣ በየካቲት ወር በተደረገው የአየር ውጊያ በሚግ 29 ላይ የበላይነቱን አሳይቶ ነበር። ወሬው በሬዲዮ ደብረ ወርቅ ድረስ ደርሷል። አብራሪ የመሆን ተስፋ ባይኖረኝም፣ የአውሮፕላን ሆድ ከፍቶ መላ መፈለግ ለእኔ ከዘመቻ ይልቅ ትምህርት መስሎ ታየኝ። ከሁሉም በላይ ግን አንድ ስሌት ነበረኝ፤ ደብረ ዘይት ከምሽግ ይርቃል። ከደብረ ወርቅ ወደ ደብረ ዘይት፣ ከደብር ወደ ደብር መሸጋገር ብቻ ነው እያልሁ ራሴን አሳቅሁት።

ማታ ወደ አያቴ ቤት ሄድሁ። አያቴ በአምስቱ ዓመት የወረራ ዘመን ከደጃዝማች በላይ ዘለቀ ጦር ጋር በቢቸናና በዓባይ በረሃ የተዋጉ አርበኛ ነበሩ። ስለዚያ ዘመን ሲጠየቁ የሚናገሩት ጥቂት ነው። በላይ ዘለቀ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በስቅላት ከሞቱ ወዲህ ወሬው በቤታችን የሚነሣው እንደ ኀዘን እንጂ እንደ ፉከራ አልነበረም። እርሳቸው የጦር ክፍል መርጠው አያውቁም፤ የመረጣቸው ጫካው ነው። እንዲህም ሆኖ ምክር የምጠይቀው ከእርሳቸው ነበር።

«አባባ፣ አየር ኃይል ልገባ አስቤያለሁ» አልኋቸው።

«በአውሮፕላን የሚሄደው ነው?»

«አዎ። እኔ ግን አላበርም፤ ከሚጠግኑት ወገን ነኝ።»

እሳቱን በጭራ ቆስቆስ አድርገው ዝም አሉ። ቆይተው ነው የተናገሩት። «እኔ በዕድሜዬ አውሮፕላን ሁለት ጊዜ መጥቶብኛል። መጀመሪያ የመጣው የጣሊያን ነው። ቀን ቀን ዋሻ ገባን፣ ሌሊት ሌሊት ወጋነው። ሁለተኛው ሲመጣ ግን መግቢያ ጠፋኝ።»

«ለምን ጠፋዎት?»

«ባንዲራው የእኛው ነበራ።»

ይህ ሁለተኛው በታሪክ የታወቀ ነው። በ1960 ዓ.ም. አዲሱ የእርሻ ሥራ የገቢ ግብር ሲታወጅ የጎጃም ገበሬ፣ በተለይም የሞጣ፣ የቢቸናና የዳሞት ሕዝብ፣ መሬቴ ሊለካ፣ ርስቴ ሊወሰድ ነው ብሎ አመፀ። መንግሥቱ በፖሊስና በነጭ ለባሽ ያልመለሰውን በጦር ሠራዊት ሊመልስ ሞከረ፤ በመጨረሻም አውሮፕላን ልኮ በመንደሮች ላይ ቦምብ አስጣለ። አመፁ ግን በዚያ አልበረደም። መንግሥቱ ራሱ ወደ ኋላ አፈግፍጎ አገረ ገዥውን አነሣ፣ ውዝፉን ግብርም ማረ። የጎጃም ገበሬ በዚያ ዓመት ያተረፈው ግብሩን ብቻ አልነበረም። የራሱ መንግሥት በራሱ ላይ ሰማይን ሊጠቀም እንደሚችል አወቀ። አያቴ በስድሳው ሰማይ ሥር ከቆሙት አንዱ ናቸው። በጣሊያን ጊዜ የቆሰለ ሰውነታቸው ሌላ ቁስል አልጨመረም፤ የጨመረው ሌላ ነገር ነው።

አልከለከሉኝም። «ሂድም ቅርም አልልህም» አሉኝ። «ብቻ ስትጠግነው ወዴት እንደሚሄድ ጠይቅ።»

በማግሥቱ አጎቴ ዘንድ ሄድሁ። ጋሼ የባሕር ኃይል ሰው ነበር። በ1961 ዓ.ም. የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ሳለ፣ ከዓባይ የሚበልጥ ውኃ ሳያይ፣ ነጩን የመርከበኛ ልብስ ወድዶ ምጽዋ ወረደ። ባሕር ኃይላችን በ1948 ዓ.ም. ግድም በኖርዌይ መኮንኖች እርዳታ የተመሠረተ፣ በአፍሪቃ ቀንድ የሚከበር ኃይል ነበር። ዋና መርከቡ ስሟ «ኢትዮጵያ» ነው፤ ከአሜሪካ የመጣች፣ ዕጩ መኮንኖች የሚሠለጥኑባት። ጋሼ በሞተር ክፍል ሃያ ዓመት ከዘይትና ከእንፋሎት ጋር ኖረ። ምጽዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. ከእጅ ወጣች። በግንቦት 1983 ዓ.ም. መርከበኞቹ ከአሰብ ተነሥተው ባሕሩን ተሻግረው የመን ገቡ። ጋሼ ወደ ደብረ ወርቅ የተመለሰው በ1985 ዓ.ም. ነው፤ ኤርትራ ነፃ አገር ሆና አገራችን የባሕር በር ባጣችበት ዓመት። መርከቧም ከዚያ በኋላ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ጋሼ ጠላ ሲቀምስ «ኢትዮጵያ ተሸጠች» ይላል። ስለ መርከቧ እንደሚያወራ ለማያውቅ እንግዳ ነገሩ ቅኔ ይመስለዋል። በቅኔ አገር ደግሞ ሰሙን ብቻ ሰምቶ የሚሄድ የለም።

ያገኘሁት ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ነው። የወፍጮውን ሞተር ፈትቶ ሸራ ላይ በተራ ደርድሮታል፤ በመርከብ ሥርዓት ማለት ነው። ጉዳዬን ስነግረው ቀና አላለም።

«ጋሼ፣ የትኛውን ትመርጥልኛለህ?»

«የጦር ክፍል አትምረጥ፤ ሙያ ምረጥ» አለኝ። «እኔ የመረጥሁት ክፍል ዛሬ የለም። መርከቡ ተሸጠ፣ ወደቡ ሄደ፣ ልብሱ ተቀደደ። ከእኔ ጋር ዋኝቶ የወጣው ይኸ ብቻ ነው» ብሎ የተቀባ እጁን አሳየኝ። ጥቂት ቆይቶም «ይሁን እንጂ ሙያን የሚመርጠው የተማረ ነው። ያልተማረውን ይመርጡለታል» አለ። ይህን ሲናገር ወዴት እያየ እንደ ነበር ያን ጊዜ አላስተዋልሁም።

ኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ታሪክ ሳገላብጥ የጋሼን ነገር የሚያጸና ብዙ ማስረጃ አገኘሁ። በአገራችን ወጣቱ የጦር ክፍል የሚመርጠው በደመወዙ፣ በልብሱ፣ በሰፈሩ ቅርበት ነው፤ ምርጫው ግን ሳያስበው የፖለቲካ ዕጣ ፈንታው ይሆናል። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ የተውጣጣው ከክቡር ዘበኛ ነበር። ስለዚህ ክቡር ዘበኛን የመረጠ የገበሬ ልጅ ከጂቡቲ መርከብ ተሳፍሮ በማያውቀው አገር ተራራ ላይ ተዋጋ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ክቡር ዘበኛ በአዛዡ በብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መሪነት መፈንቅለ መንግሥት ሲሞክር ምድር ጦርና አየር ኃይል ከዙፋኑ ወገን ቆሙ። በአንድ መንደር አድገው አንዱ ክቡር ዘበኛ፣ ሌላው ምድር ጦር የገቡ ሁለት ወንድማማቾች ቢኖሩ በአዲስ አበባ ጎዳና ተፋጥጠው ይገናኙ ነበር። ያፋጠጣቸውም አመለካከት ሳይሆን የምዝገባው ቀን ነው።

የ1966 ዓ.ም. አብዮትም የጀመረው ከመጽሐፍ አይደለም። በጥር ወር በነገሌ ቦረና የነበሩ ወታደሮች በምግብና በውኃ ችግር ተማርረው አለቆቻቸውን ያዙ። ብሶቱ ወደ ደብረ ዘይት አየር ኃይል፣ ወደ አሥመራው ሁለተኛ ክፍለ ጦር፣ ወደ ምጽዋው ባሕር ኃይል ተዛመተ። በሰኔ ወር የተቋቋመው ኮሚቴም የጦር ኃይሎችን፣ የፖሊስ ሠራዊትንና የብሔራዊ ጦርን ተወካዮች ያሰባሰበ ነበር። እንግዲህ የሦስት ሺህ ዘመን ነው የተባለለትን ዙፋን ያነቃነቀው እንቅስቃሴ መነሻው የአንድ በርሜል ውኃ ንጽሕና ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። ይህን ለምን እንዳነሣሁት ወደ መጨረሻው ይታያል።

በቤታችን ግን ምርጫ ያልደረሰው አንድ ሰው ነበር። ታላቅ ወንድሜ በ1978 ዓ.ም. በብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ። በ1975 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያሉትን ዜጎች ለስድስት ወር ሥልጠናና ለሁለት ዓመት አገልግሎት ይጠራ ነበር። ወንድሜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ እኔ ሰባት። ምድር ጦር፣ እግረኛ። ማንም የጠየቀው የለም። ከኤርትራ ሦስት ደብዳቤ ጻፈ፤ በሦስቱም ስለ በሬዎቹ ጠየቀ። በመጋቢት 1980 ዓ.ም. አፋቤት ላይ ናደው ዕዝ ከፈረሰ ወዲህ አራተኛ ደብዳቤ አልመጣም። እናቴ መርዶ ስላልተነገራት ተዝካር አላወጣችም። በየዓመቱ የኅዳር ሚካኤል ዕለት ከፀበል ስትመለስ በር ላይ ቆም ብላ መንገዱን ታያለች፤ ከዚያ ትገባለች። ስለ አየር ኃይል ላነሣላት ስል በዚያው በር ላይ ቆማ አገኘኋትና ሳልነግራት ተመለስሁ።

በምዝገባው ቀን ከአብሮ አደጌ ጋር አብረን ሄድን። ሰልፉ ረጅም ነበር። ወቅቱ የእርሻ ነው፤ ከሰልፈኛው ብዙው እግሩ ላይ የጠዋቱ ጭቃ አልደረቀም። ለሁላችንም አንድ ዓይነት ቅጽ ታደለን። አብሮ አደጌ ጽሕፈቱ ዝንጉ ስለ ነበር «አንተ ሙላልኝ» አለኝ። ስሙን፣ ዕድሜውን፣ የእናቱን ስም ጻፍሁ። «የሚፈልገው የጦር ክፍል» የሚለው ሥፍራ ስደርስ ብዕሬ ቆመ። ለእርሱ የሚገባው አንድ ብቻ መሆኑን አውቃለሁ። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ለአየር ኃይል አይወዳደርም፤ ባሕር ኃይል የለም።

«ምን ልጻፍልህ?» አልሁት።

«ሰው የሚበዛበትን ጻፍልኝ» አለኝ። «ብቻዬን መሆን አልወድም።»

«እግረኛ» ብዬ ጻፍሁ። ከዚያ የእኔን ቅጽ ወስጄ «አየር ኃይል» ብዬ ሞላሁ። ሁለቱ ወረቀቶች በአንድ እጅ ጽሕፈት፣ በአንድ ብዕር ተጽፈው በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተደራርበው ተቀመጡ።

እርሱ በሳምንቱ ሄደ። እኔ ለፈተና ስጠራ አልሄድሁም። ለጠየቀኝ ሁሉ የአያቴን ነገር ምክንያት አደረግሁ፤ «በስድሳው አባባ ላይ ቦምብ የጣለ ኃይል ውስጥ አልገባም» እያልሁ። ሰው አደነቀኝ። መምህሮቼ ሳይቀሩ የንቃት ምልክት ነው አሉ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ፈርቼ ነበር። የእናቴን አቋቋም በር ላይ ካየሁ በኋላ ደብረ ዘይትም ቅርብ ሆኖ ታየኝ። በመስከረም የፈተናው ውጤት ደረሰ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። አያቴ የነገሩኝ ስለ ሕሊና ነበር፤ እኔ ግን ለገላዬ መሸፈኛ አደረግሁት። መፍራት ነውር አይደለም። ፍርሃትን የመርህ ካባ አልብሶ በሰው ፊት መራመድ ግን ነውር ነው። ይህን ለመጻፍ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ፈጅቶብኛል።

የሽማግሌ ቃል ከልጅ አእምሮ ይልቃል። በቅኔውም በልብ ወለዱም የአካባቢያችን ኩራት የሆኑት ሐዲስ ዓለማየሁ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከራስ እምሩ ጦር ጋር ሽሬ ግንባር ዘምተው፣ ኋላም ተማርከው ጣሊያን አገር በደሴት ታስረዋል። በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተመው እጅ አስቀድሞ በእግር ብረት የሚታወቅ እጅ ነው። ይህን የምናገረው ደራሲ ሁሉ ይዝመት ለማለት አይደለም። ያልዘመተ ደራሲ ስለ ዘማች ሲጽፍ ያልዘመተ መሆኑን አይርሳ ለማለት ነው።

እኔ ረስቼዋለሁ። በ1994 ዓ.ም. የክረምት ዕረፍት ላይ ለደብረ ወርቅ ወጣቶች አንድ ባለ አንድ ገቢር ተውኔት ጻፍሁ። ባለታሪኩ ለጋ ዘማች ነው። መጋረጃው ሲከፈት መሐል መድረክ ቆሞ ምድርን፣ ባሕርን፣ ሰማይን በየተራ እየጠራ ለአገሩ ስለሚመርጠው ጦር ረጅም ቃለ ውስጥ ይናገራል። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ጋሼ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ሲወጣ ጠብቄ «እንዴት ነበር?» አልሁት።

«ጥሩ ይናገራል» አለኝ። «ግን እግሩ አያመውም። ውኃ አይጠማውም። በሬዎቹን ማን እንደሚያውላቸው አይጠይቅም። እንዲህ ያለ ወታደር ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አላየሁም።»

ተውኔቱን ዳግመኛ መድረክ ላይ አላወጣሁትም። የአብሮ አደጌ እናት ከፊት ወንበር ተቀምጠው እንደ ነበር የሰማሁት ከጋሼ ነው። ልጃቸው በግንቦት 1992 ዓ.ም. በተደረገው ማጥቃት ከገባ አልተመለሰም፤ ያን ጊዜ ግን ገና አልተነገራቸውም። እኔ ለጭብጨባ በጻፍሁት ቃል ውስጥ የልጃቸውን ድምፅ ሊያገኙ መጥተው፣ ሳያገኙ ሄዱ። መርዶው ዘግይቶ ሲደርስ ለቅሶ ደርሻለሁ። እጄን ይዘው «ወረቀቱን አንተ ነህ አሉ የሞላህለት» አሉኝ። ወቀሳ አልነበረበትም። «ምን አለህ ያን ጊዜ?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። ነገርኋቸው። «ብቻውን መሆን አይወድም ነበር» ብለው እጄን ለቀቁት።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። በ2010 ዓ.ም. አገራችን ባሕር ኃይሏን እንደገና እንደምታቋቁም ተነገረ፤ በ2011 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የመከላከያ ስምምነት ተፈረመ። ባሕር የሌለው አገር መርከበኛ ማሠልጠኑ የሚያስቀው ሰው ካለ ቦሊቪያን ያስታውስ። ጠረፏን በ19ኛው መቶ ዘመን በጦርነት ካጣች ወዲህም በቲቲካካ ሐይቅ ላይ ባሕር ኃይል አላት። ጋሼ ወሬውን ሲሰማ የወፍጮውን ሞተር አጥፍቶ ወጥቶ በረንዳው ላይ ተቀመጠ። «ሞተር ክፍሉን ጥሩ ሰው ይስጡት» ከማለት በቀር ሌላ አልተናገረም። የሰማዩ ጥያቄም ያለፈ ታሪክ ብቻ የሚመስለው ካለ ወደ ምሥራቅ ጎጃም ይምጣና ገበሬው ድምፅ ሲሰማ አንገቱን እንዴት ቀና እንደሚያደርግ ይመልከት።

ይህን መጽሔት የሚያነቡት ብዙዎቹ መምህራን፣ የኪነ ጥበብ ሰዎችና በሕዝብ ሥራ ላይ ያሉ ናቸው። ወጣት ተማሪ መጥቶ «የትኛው ጦር ይሻለኛል?» ብሎ የሚጠይቀው እኛን ነው። የምንመልስለትም ስለ ደመወዙ፣ ስለ ሙያው፣ ስለ ማዕረጉ ነው፤ ይህም ይገባዋል፤ የጋሼ ምክር ዛሬም ጸንቷል። ከዚህ ጋር ግን የአያቴን ጥያቄ እንጨምርለት፤ የምትጠግነው ወዴት እንደሚሄድ ጠይቅ እንበለው። ከሁሉም በፊት ደግሞ ከጎኑ የቆመውን፣ መጠየቅ የማይመጣልንን፣ ቅጹን የምንሞላለትን እንይ። እርሱ የመምረጥ መብቱን ያጣው በውጊያው ቀን አይደለም። ከሰባተኛ ክፍል የወጣ ቀን ነው፤ ያን ቀን ደግሞ ጦርነት አልነበረም፤ እኛ ክፍል ውስጥ ነበርን።

አያቴ በ1996 ዓ.ም. ዐረፉ። ቀብራቸው ላይ አርበኞች ማኅበር ባንዲራ አልብሷቸዋል። ሬሣው ከቤት ሲወጣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ እኔም ሳላውቀው ቀና ብዬ አየሁት።